ሦስት ሳምንት በቶርች ስልክ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬን ያለ አፕ ቻርጅ ሳደርግ የተማርኩት

ስልኬን ላፍ ያደረጉኝ መገናኛ ላይ ነው። ሐሙስ ማታ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ። እጅ ገባ፣ ወጣ፣ አለቀ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክስ ሲያደርግብኝ ነው የነቃሁት።

ስለ ስርቆቱ ብዙ አላወራም፤ ስልኩ ያልተነጠቀ ዘመድ የሌለው ሰው የለም። ልነግራችሁ የፈለግኩት ቤት ከደረስኩ በኋላ የሆነውን ነው። የመኪናዬ ባትሪ 23 በመቶ ላይ ነበር። እንደለመድኩት ግድግዳው ላይ ካለው ቻርጀር ገመዱን ስቤ ሰካሁ። ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ አይጀምርም። ለካ የሚጀምረው ስልኬ ላይ ያለውን አፕ ስጫነው ነበር። ስልኬ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ተሽጦ ሊሆን ይችላል።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ገመዱን ስነቅል ስሰካ አከራዬ በረንዳቸው ላይ ወጡ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ በሰላም ነው?»

«እትዬ፣ ስልኬን ወሰዱብኝ። መኪናዋም አልሞላ አለችኝ።»

«ስልክሽና መኪናሽ ምን አገናኛቸው?»

መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው፣ ዓመት ተኩል ስነዳ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ነው እትዬ በአንድ አፍ የጠየቁኝ።

በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ እንደ ብዙ ሰው ቻይና ሠራሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ባትሪዋ ወደ 39 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የሸጠልኝ ሰው ሁሉንም ነገር ስልኬ ላይ አዘጋጅቶ ሰጠኝ። የግድግዳው ቻርጀር አንድ አፕ፣ መኪናዋ ሌላ አፕ። የመኪናዋ አፕ ሙሉ በሙሉ በቻይንኛ ነው፤ የተከፈተውም በቻይና ስልክ ቁጥር፣ በሱ ስም። እኔ የማውቀው አረንጓዴዋን ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ስለዚህ አፑ የመኪናዋ አካል፣ ልክ እንደ ጎማዋ፣ ይመስለኝ ነበር።

አይደለም። አፑ ማለት የቴሌቪዥን ሪሞት ማለት ነው። ሪሞት ቢጠፋ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ አይባልም። ቤት ውስጥ ስትሰኩ መኪናውና ቻርጀሩ የሚነጋገሩት በራሱ በገመዱ ውስጥ ነው። የቻይናው መሰኪያ፣ ጂቢቲ የሚባለው፣ ለቤት ቻርጅ 7 ቀዳዳ አለው። ከነሱ መሀል ሁለቱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ኤሌክትሪክ ለመሙላት ሳይሆን ለወሬ ናቸው፤ «ተሰክቻለሁ»፣ «ይህን ያህል አምፔር መስጠት እችላለሁ» የሚባባሉባቸው። ኢንተርኔት የለበት፣ ስልክ የለበት።

ይህንን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። የዚያን ማታ ያዳነኝ የመኪናዋ ኮፈን ውስጥ ከነላስቲኩ የተቀመጠው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ነው። አንድ ጫፉ መኪናው ላይ፣ አንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ሳጥን ያለው። ከቻርጀሩ ጋር የመጣው መሰኪያ የቻይና ነው፤ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ፣ የኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ። ከሱቅ በር ላይ የሚሸጠውን አዳፕተር አደረግኩበትና ሰካሁ። አረንጓዴ በራ፣ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ልተኛ ስል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። አዳፕተሩን ስነካው እጄን ሊያቃጥለኝ ምንም አልቀረው፤ አንዱ ጎኑ ቡናማ ሆኖ መሟሸሽ ጀምሯል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ መኪና በአዳፕተርና በዲቫይደር ቻርጅ አይደረግም። አዳፕተሩ ለስልክና ለላፕቶፕ የተሠራ ነው። መኪና ደግሞ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል።

ምን ያህል ይስባል? ይህንንም በደንብ ያስረዳኝ በማግስቱ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ነው። «እህቴ፣ ምጣድ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይበላል። ተንቀሳቃሹ ቻርጀርም በ16 አምፔር ሲሠራ በ220 ቮልት ያው 3.5 ኪሎዋት ነው። ስለዚህ መኪና መሰካት ማለት ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቀል ምጣድ መጣድ ማለት ነው። እትዬ ምጣዳቸውን ዲቫይደር ላይ ይሰኩታል? አይሰኩትም። ለብቻው ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር አለው። ለመኪናም እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሳበልኝ፣ 20 አምፔር ብሬከር አስገባ፣ ጫፉ ላይ የቻይናውን መሰኪያ በቀጥታ የሚቀበል ባለ 16 አምፔር ሶኬት ገጠመ። አዳፕተር የሚባል ነገር ቀረ። ከዚያ ሲሰካው ግን የቻርጀሩ ሳጥን ቀይ አበራ። ኧርዝ፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የለም ማለት ነው። ግቢያችን ከተሠራ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ሶኬቶቹ የኧርዝ ቦታ አላቸው፣ ከኋላቸው ግን የተያያዘ ሽቦ የለም።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ኤሌክትሪሺያኑ ቀለል አድርጎ «ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቼ ላታልለው?» አለኝ። ኒውትራል ማለት ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚሄድበት ሽቦ ነው። ብዙ ቤት እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ ቀዩ ይጠፋል፣ መኪናው ይሞላል። ነገር ግን አንድ ቀን ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ቢበጠስ የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በር ልትከፍቱ ስትነኩት… አልጨርሰውም። እምቢ አልኩና የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ትክክለኛ ኧርዝ ተሠራ። ወጪው ከስልኬ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

ሳጥኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ አምፔር መምረጫ ነች። የኔው 8፣ 10፣ 13፣ 16 ይላል። መኪናው ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ነው የምትጫኑት፤ ከተሰካ በኋላ የኔው አይሰማም። ሽቦአችሁን ካላመናችሁት በ8 ወይም በ10 ጀምሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጃችሁ ዳሱት። ሞቅ ማለት ያለ ነው፤ ካቃጠለ ግን ንቀሉት። እኔ የያዝኩት ቀላል ሂሳብ አለ። እንደኔ ወደ 39 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላለው መኪና 10 አምፔር በሰዓት 5 በመቶ ያህል ይሞላል፤ 16 አምፔር 8 በመቶ ያህል፤ የግድግዳው ባለ 7 ኪሎዋት ደግሞ 15 በመቶ ያህል። ማታ 5 ሰዓት ሰክቼ ንጋት 12 ሰዓት ስነሳ በ16 አምፔር ከ23 ወደ 80 ገደማ ደርሶልኛል። ለሥራ ቀን ከበቂ በላይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ሁሉ ብር አውጥቼ የግድግዳውን ቻርጀር ለምን እንደገዛሁት አሁንም አልገባኝም።

የግድግዳው ቻርጀርም ቢሆን ያለ አፕ ይሠራ ነበር። ይህን ያወቅኩት እትዬ ካርቶኑን ለበርበሬ ማስቀመጫ ሊወስዱት ሲሉ ነው። ከካርቶኑ ግርጌ፣ ከመመሪያው ደብተር ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ነጫጭ ካርዶች ወደቁ። የባንክ ካርድ ያክላሉ፣ ምንም አልተጻፈባቸውም። ገመዱን ሰክቼ አንዱን ካርድ ቻርጀሩ ፊት ላይ ሳስጠጋው ጢጥ አለና ጀመረ። ዓመት ተኩል ሙሉ ቤቴ ውስጥ ነበሩ! የግድግዳ ቻርጀር ያላችሁ ካርቶኑን ሳትጥሉ ፈትሹት። አዲስ የምትገዙም ሻጩን «ካርድ አለው ወይ? ያለ ካርድስ እንደሰካሁት ወዲያው እንዲጀምር ይስተካከላል ወይ?» በሉት። ግቢያችሁ የታጠረ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱ ደግሞ መብራት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሌሊት ጠፍቶ ሲመጣ ተንቀሳቃሹ ቻርጀሬ ካቆመበት ራሱ ይቀጥላል። የግድግዳው ግን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። ስልኬ ሳይሰረቅ በፊትም አንዳንድ ጠዋት መኪናዬ ሳትሞላ አገኛትና «ባትሪዋ ተበላሸ እንዴ?» እል ነበር። ለካ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ተመልሷል፣ ቻርጀሩ አፑን ሲጠብቅ አድሯል፣ እኔ ተኝቻለሁ። በመመሪያው ደብተር መሠረት ሲሰካ ወዲያው እንዲጀምር አስተካከልነው፤ ከዚያ ወዲህ መብራት ሄዶ ሲመጣ አብሮ ይነሳል። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት ቀሪውን እዩ። መኪና ቆጣሪውን ቶሎ ይበላዋል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካለቀ የቤቱ ፍሪጅም አብሮ ይቆማል። አንዴ ሆኖብኝ ከእትዬ ጋር ሊያጣላን ነበር።

አፑ ይሠራልኝ የነበረው ሁለተኛ ነገር ሰዓትና መጠን መወሰን ነው። ይህም የመኪናዋ ስክሪን ላይ አለ። ቻርጅ የሚለው ገጽ ላይ ትገባላችሁ፣ ስንት በመቶ ላይ እንዲቆም፣ ስንት ሰዓት እንዲጀምር ትሞላላችሁ። አንዴ ነው የሚሞላው። የኔ ስክሪን ወደ እንግሊዝኛ ስለሚቀየር አልተቸገርኩም፤ የናንተው በቻይንኛ ብቻ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አስጠርታችሁ ምልክቶቹን ወረቀት ላይ ሳሉና መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።

ሰዓቱ ላይ ግን ጉድ ሆኛለሁ። ማታ ማታ የሰፈራችን መብራት ኃይሉ ይደክማል፤ አምፖሉ ሳይቀር ይፈዛል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ እንድትጀምር ፈለግኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር 23:00 ነው ብዬ ሞላሁ። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ላይ እትዬ እንግዳ አለባቸው፣ ምድጃው በርቷል፣ ካውያው በርቷል፣ ድንገት ቤቱ ጨለመ። ብሬከሩ ወድቋል። መኪናዋ ጀምራለች! የመኪናዋ ሰዓት የቤጂንግ ነው፤ ቤጂንግ ከኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ለሷ ሰዓቱ በትክክል 23:00 ነበር። እኔ የምፈልገው ማታ 5 ሰዓት በቤጂንግ 04:00 ነው። የሚገርመው፣ ምንም ሳላሰላ በኛው አቆጣጠር 5:00 ብዬ ብሞላ ኖሮ የምሳሳተው በአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። የመኪናችሁን ሰዓት ማስተካከል የሚቻል ከሆነ አስተካክሉት። ካልተቻለ 5 ሰዓት መደመር እንዳትረሱ።

ሌላ ያስደነገጠኝ ነገር ገመዱ አልነቀልም ሲል ነው። አፑ ላይ «አቁም» እል ስለነበር ያለ አፕ እንዴት እንደሚነቀል አላውቅም ነበር። ጎትቼ ጎትቼ ላብ በላብ ሆንኩ። መኪናው ሲቆለፍ ገመዱንም አብሮ ይቆልፈዋል፤ ሌባ እንዳይወስደው። መኪናዬን በቁልፉ መክፈት፣ የመሰኪያውን ቁልፍ መጫን፣ መሳብ፤ በቃ። ያም እምቢ ካለ ብዙ መኪኖች የድንገተኛ መልቀቂያ ገመድ አላቸው። የት እንዳለ መመሪያው ላይ ፈልጉት፣ ዛሬውኑ፣ ሳያስፈልጋችሁ። በጉልበት ግን አትጎትቱ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቤት ነው። ቤት ያለ አፕ መሙላት ቀላል ነው። ችግሩ ውጭ ነው።

ሲሜን በማግስቱ መታወቂያዬን ይዤ በዚያው ቁጥር አወጣሁ። ስማርት ስልክ ለመግዛት ግን ደሞዝ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ስለዚህ እናቴ ያስቀመጠችውን ቶርች ያለው ስልክ ያዝኩ። በዚህ ስልክ የሄድኩበት የመጀመሪያው የቻርጅ ጣቢያ ሠራተኛ አልነበረውም። ማሽኑ ላይ ስካን የሚደረግ ምልክት፣ ከሱ ሥር የአፕ ስም። ጥበቃው መጣና «ስልክሽን አውጪና ስካን አድርጊዋ» አለኝ። አወጣሁ። ስልኩን አየው፣ እኔን አየኝ፣ መኪናዋን አየ። «በዚህ እንኳን ቶርች ብታበሪበት ነው» አለና ሁለታችንም ሳቅን። ሳልሞላ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሳልደውል መሄድ አቆምኩ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መሰኪያው ጂቢቲ ነው ወይስ ሲሲኤስ፣ የአውሮፓው? በቦታው ላይ ማሽኑን የሚያስጀምር ሠራተኛ አለ? በጥሬ ብር ወይም በስልክ ቁጥር ቴሌብር መክፈል ይቻላል? የመጀመሪያው ጥያቄ የአፕ ጉዳይ አይደለም፤ ግን ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ መኪና ያላችሁ ጂቢቲ ብቻ ያለበት ጣቢያ ሄዳችሁ እንዳትመለሱ ነው። የፈጣን ቻርጅ ጂቢቲ 9 ቀዳዳ አለው፣ ከቤቱ ይተልቃል፤ መኪናችሁን አይታችሁ ለዩት።

ቴሌብር በአፕ ብቻ የሚመስላችሁ አላችሁ። ኮከብ 127 መሰላል ብላችሁ በየትኛውም ስልክ ይከፈታል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። እኔም የአፑን ስካን ስለምጄው ረስቼው ነበር። ለክፍያ የሚሆን ብር ቀድማችሁ አስገቡበት እንጂ ቶርች ስልክ ይበቃል።

በሦስተኛው ሳምንት ለለቅሶ አዳማ መሄድ ነበረብኝ። 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው። መውረዱ ቀላል ነው፣ መኪናዋም በፍሬን ትንሽ ትንሽ ትሞላለች። መመለሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። አራት ሰው ጭኜ ሽቅቡ ብቻውን ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደሚበላብኝ አስልቻለሁ፤ ከባትሪዬ 7 ወይም 8 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ከመነሳቴ በፊት ደወልኩ። ሠራተኛ አለን፣ ነይ አሉኝ።

ልጁ ትሁት ነበር። «አፕ ከሌለሽ በኔ ካርድ ላስጀምርልሽ፤ ሒሳቡን ለጣቢያው ታስገቢያለሽ» አለኝ። እሺ ከማለታችን በፊት ግን ዋጋውን በኪሎዋት ሰዓት ተነጋገርን፤ «እስከ 80 በመቶ ይሄን ያህል» በሚለው አልተስማማሁም። በመቶው የመኪናው ነው፣ ኪሎዋት ሰዓቱ የማሽኑ ነው፤ የሚሸጠውም እሱ ነው። ሲጀምር ስክሪኑ ዜሮ መሆኑን አየሁ፣ ሲያልቅ የቆመበትን አየሁ፣ በስልኬ ከፈልኩ፣ መልእክቱ ሲደርሰው ገመዱን ነቀለ። 80 ላይ ያስቆምኩት ከዚያ በላይ ፈጣኑም ቻርጅ ስለሚንቀራፈፍ ነው፤ ከኋላዬ ደግሞ ሁለት ሰው ተሰልፎ ነበር።

ለንደን ላለች እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ገረማት። እዚያ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ አዳዲስ የሕዝብ ቻርጀሮች ከ8 ኪሎዋት ጀምሮ፣ ፈጣኖቹ ደግሞ ነባሮቹም ጭምር፣ የባንክ ካርድ በማስጠጋት ብቻ እንዲያስከፍሉ በሕግ ተደንግጓል። የብዙ ድርጅት አፕ መጫን የሰለቻቸው ሰዎች ጮኸው ያመጡት ነው። እኛ ጋ ጣቢያው ገና እየተተከለ ስለሆነ ከአሁኑ ቢታሰብበት ምን ነበረበት? አባቴ መኪና መንዳት ይችላል፤ አፕ አውርድ ብትሉት ግን ቁልፉን መልሶ ይሰጣችኋል።

አሁን አዲስ ስልክ ገዝቻለሁ። የአንድ ሁለት ጣቢያ አፕ ጫንኩበት፤ ከቤት ወጥቼ ለሚያጋጥመኝ። የግድግዳውን ቻርጀር አፕ ግን አልጫንኩትም። ከሁለቱ ነጫጭ ካርዶች አንዱ መኪናዬ ውስጥ ነው። ሁለተኛውን እትዬ የግቢው ቁልፍ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ሰቅለውታል። ስለ ቻርጀሩ እንግዳ ሲጠይቃቸው ካርዱን አውርደው ያሳያሉ። በየወሩ መጨረሻም ከተንቀሳቃሹ ቻርጀር ሳጥን ላይ የጻፍኩትን የኪሎዋት ሰዓት ደብተር ይዤ በረንዳቸው ላይ እንቀመጣለን። ቡና ይፈላል፣ የመብራት ሒሳብ ይሠራል። ያለፈው ወር 4 ብር ተሳስቼባቸው ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያገኙት።